የአርባ አንድ ቁጥር ደም

ቢቸና፣ ጥቅምት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

…ከዚያ በኋላ ያየሁት የአባታችንን ጋቢ ነው እንጂ ፊቱን አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ይዞ ነበር። ጨርቁ ከታች ወደ ላይ እየቀላ ሲሄድ አያለሁ። "ምንም አይደል፣ ፀሐይ ነው" አለ። እናታችን መጣች። ሰዎች መጡ። ከዚያ አንድ ሰው ዓይኔን በመዳፉ ሸፈነኝ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ደብረ ኤልያስ ትምህርት ላይ ነበሩ። ሲመጡ ተቀብሮ ቆየዎት።

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ከመሀል ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። ስለ አባታችን ለጠየቁኝ ነገር ቶሎ ካልመለስኩ ጭራሽ የማልጽፈው መሰለኝ። ጤናዎ እንደምን ነው? እትዬ ጥሩአየሁስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ላብራቶሪው ውስጥ ስራ በዝቷል፤ ወባው ዘንድሮ አልለቀቀንም።

ይህን ሁሉ የማነሣው በሐምሌ ከሁለታችን ደም የወሰደው ዶክተር ይርጋለም መልሶ ስለጻፈልኝ ነው። አባታችን በምን እንደሞተ ቅጹ ላይ "ድንገት" ብዬ ሞልቼ ነበር። "ድንገት በሽታ አይደለም" ብሎ መለሰው። አሁን "ደም ግፊት ሳይሆን አይቀርም፣ በአርባ ሰባት ዓመቱ" ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ሃምሳ ሁለት ነዎት።

ደሙን ምን እንደሚያደርጉት እንደገና ልንገርዎ፤ ያን ቀን ከነርሷ ጋር ሲቀልዱ አልሰሙም። ግፊት ያለበትን ሰውና ጤነኛ ወንድሙን ወይም እኅቱን ጥንድ ጥንድ አድርገው ይወስዳሉ፤ ባለ ግፊቱ እርስዎ፣ ጤነኛዋ እኔ። ከአባት ከእናት የወረስነው ዘር ራሱ አይለወጥም ይላል ዶክተሩ። ግን ግፊቱ፣ ጨዉ፣ ጭንቀቱ፣ ረሃቡ በዘሩ ላይ ደቃቅ ምልክት ያስቀምጣሉ። ምልክቱ የትኛው ክፍል ይስራ፣ የትኛው ዝም ይበል ብሎ ያዛል። እነሱ የሚፈልጉት ኩላሊት፣ ልብና ዓይን መጎዳት ሲጀምሩ፣ ሰውዬው ገና ሳያመው፣ ደሙ ላይ የሚታየውን ምልክት ነው።

ሰውዬው ገና ሳያመው። ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ኩላሊትዎን ያሳዩ። ለምን አሁን አይበሉኝ።

ታናሽዎ ምስራቅ


ሞጣ፣ ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለምስራቅ፤ ሰላምሽ ይብዛ። እኔም ቤቴም ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽም በማጉሊያ መነጽርሽ አትመርምሪው።

ስልክሽን ያላነሣሁት ተቆጥቼ አይደለም። አንቺ ስለ በሽታ ስታወሪ ድምፅሽ ደወል ነው፤ ደጅ የተቀመጡት ተማሪዎች ሁሉ ይሰሙታል። የዜማ መምህር ታሟል ከተባለ ሰው ድምፁን ማዳመጥ ይጀምራል፤ ዜማውን መስማት ይተዋል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ፋንታ በሚኒባሱ ያመላልስልናል፤ እሱ እንደሆነ ማንበብ አይወድም።

ያ ልጅ ዶክተር ያለው ገብቶኛል። እንዲያውም ከእሱ በፊት እኛ እናውቀው ነበር በይልኝ። የድጓው ቃል አንድ ነው፤ ማንም ቢያዜመው አይለወጥም። ከፊደሉ አናት ላይ የምትቀመጠው ደቃቅ ምልክት ናት ያዝ፣ ጣል፣ ቁረጥ የምትለው። በአባታችን ላይ "ቁረጥ" የምትለዋ ተጽፋ ነበር ማለት ነው። በእኔ ላይ ማን ምን እንደጻፈ ግን አላውቅም፤ ለማወቅም አልቸኩልም።

ስለ ምርመራው፦ ደም የወጣው ሰው በዚያ ዕለት ቅኔ ማኅሌት አይቆምም። ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ ኅዳር ጽዮን ይከተላል፤ ከዚያ ታኅሣሥ ገብርኤል፣ ከዚያ ልደት፣ ከዚያ ጥምቀት። ከእነዚህ የትኛውን ልቅርበት? አንቺ ምረጪና እኔ ለቅዱሱ እነግረዋለሁ።

ክኒኑን እየዋጥኩ ነው። በአገልግሎት ቀን ጠዋት ውሃ ስለማልቀምስ ያልፈኛል። ያለፈኝን ግን አልተውም፤ እንደ ታጎለ ጸሎት አጠራቅሜ በሦስተኛው ቀን አንድ ላይ እፈጽመዋለሁ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ታዛዥ በሽተኛ ከየት ታመጪ?

ወንድምሽ ሀብተ ሥላሴ


ቢቸና፣ ኅዳር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

በእናታችን አጥንት ይሁንብዎት፣ ሦስቱን አንድ ላይ አይዋጡ። ክኒን ጸሎት አይደለም፤ ያለፈው አልፏል፤ የዛሬውን ብቻ። ግፊቱ ሁለት ቀን ሽቅብ ይወጣል፣ በሦስተኛው ቀን ቁልቁል ይወድቃል፤ የደም ሥርዎ መሀል ላይ ሆኖ ይጎተታል። ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሌላም ነገር አለ። ጽሕፈትዎ። የእርስዎ ፊደል እኮ በመስመር የተቀመጠ ዶቃ ነበር። አሁን ገዝፏል። መስመሩ እንደ ዳገት ይወጣል፤ ሁለት ቦታ ላይ ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ ግማሹ ቃል የለም። ብዕሩ ነው አይበሉኝ።

ፋንታ መናኸሪያ ላይ ሳለቅስ እንዳየኝ ነግሮዎታል አሉ። አላለቀስኩም። አቧራ ነው።

የደማችን ምርምር የመጀመሪያው ዝርዝር መጥቷል። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ምርምር ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ለማንም አይነገርም። ስለዚህ የማውቀው ነገር የለም። የምነግርዎትም የለም።

ለገብርኤል አይሁን እሺ። ከገብርኤል ማግስት ይሂዱ። ሽንትዎን ብቻ እንኳ ያስመርምሩ፤ ለሽንት ደም አይወጣም፣ ማንም ከማኅሌት አያስቀርዎትም። ልመና ነው። ታናሽ ታላቁን ሲለምን ወግ አይደለም ካሉ ወጉን ይርሱት።

ምስራቅ


ሞጣ፣ ጥር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ምስራቅ፣

እሺ። ብዕሩ አይደለም።

ከባለፈው ጳጉሜ ጀምሮ ምልክቶቹ ጠፍተውኛል። ፊደሉ አለ፤ በአናቱ ያለችው ግን የለችም። መጀመሪያ ቀለሙ የደበዘዘ መስሎኝ መጽሐፉን ደጅ አውጥቼ ለፀሐይ ሰጠሁት። ከዚያ መሀሉ ላይ ጢስ የመሰለ ነገር መጣ። ጢሱ ወደማየው ሁሉ ይከተለኛል። አንቺን ባይ አንቺ ላይ ይቀመጣል።

ማንም አላወቀም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው፤ ገጹን እገልጣለሁ፣ ጣቴን አስቀምጣለሁ፣ በልቤ አዜማለሁ። ጥሩአየሁ እንኳ አላወቀችም ነበር። እሑድ ዕለት ግን፣ በጥምቀት ሰሞን፣ አንዱ ተማሪ የጣፈውን አመጣልኝ። ወረቀቱን አየሁት መሰልኩና "ደህና ነው፣ ቀጥል" አልኩት። ለካ ከላይ እስከ ታች አሳስቶታል። ጓደኞቹ ያዩታል። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን ብቻ ከጥግ ሆነው፣ "መሪጌታ ዘንድሮ ምሕረት አብዝተዋል" አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ ለጥሩአየሁ ነገርኳት። "ታዲያ ሽሮውን ፊትህ አስቀምጬ ሳለ አቅርበሻል ወይ ስትለኝ የከረምከው ለዚህ ነው?" አለችና ተቆጣች። ከዚያ እጄን ይዛ ረጅም ጊዜ ቁጭ አለች።

እኔ የደበቅኩትን አወጣሁ። አሁን ያንቺ ተራ ነው። ከቁጥሮቹ አንዱን ታውቂዋለሽ። የማያውቅ ሰው እንዲህ አይለምንም። ጻፊው። ጢሱ ገጹን ሳይሞላው ልስማው።

ሀብተ ሥላሴ


ቢቸና፣ የካቲት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው።

ቁጥሩን አስቀርቼ ነበር። ማስቀረት አልነበረብኝም፤ ለዚያ ፈርሜያለሁ። የዚያን ቀን ደማችን ተቀድቶ እንዳበቃ በኪስ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አርባ አንድ፣ ወንድም ጋሼ። አርባ ሁለት፣ እኔ። የጻፍኩትም ምናልባት አንድ ቀን እንዲህ እንደምፈራ አውቄ ይሆናል።

ዝርዝሩ ሲመጣ ሰንጠረዡ ሰፊ ነበር። አርባ አንድን በጣቴ ይዤ ሄድኩ። ምልክቶቹ ኩላሊታቸውና ልባቸው ከተጎዳ ሰዎች ምልክት ጋር ይመሳሰላሉ ይላል። ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ። አርባ ሁለትም ከግፊት ነፃ አይደለም፤ እሱን ግን የራሴ ነው ብዬ ዘለልኩት።

ለዶክተር ይርጋለም ደወልኩለት። የማን እንደሆነ አልነገርኩትም። "የፍርድ ወረቀት አይደለም" አለኝ። "ልንሳሳት እንችላለን። ምልክቱ እንደ ጠባሳ የማይነሣ ይሁን ወይም ግፊቱ ሲታረም የሚለዝብ ገና አናውቅም። ሰውዬው ግን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።" ዛሬውኑ ያለኝ በኅዳር ነው፣ ወንድም ጋሼ። አሁን የካቲት ነው።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይሂዱ። ዓይንዎ እንደዚያ ከሆነ ኩላሊትዎ… ልጨርሰው አልቻልኩም።

በአባታችን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን እኔ አውቃለሁ። አውቄ ዝም ያልኩ ነኝ። ይፍቱኝ።

ምስራቅ


ሞጣ፣ የካቲት 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ምስራቅ፣

የፋንታ መኪና ጋራዥ ስለነበረች ደብዳቤሽ በአስራ ሁለት ነው የደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ያሉትን አስራ ስምንት ቀናት ሳሰላስል ነበር። ጥሩአየሁ ናት ያነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ አነበበች።

ያን ቀን እናስታውስ። ካላስታወስሽ እኔ አስታውሳለሁ፤ ማስታወስ ስራዬ ነው። ከወንበሩ ላይ እኔ ነበርኩ የተቀመጥኩት። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ነርሷ ሀብትነሽ መርፌውን አወጣች፤ እኔ መርፌውን አየሁና ተነሣሁ።

"ምስራቅ ትቅደም" አልኩ። "የእሷን ጩኸት ሰምቼ እወስናለሁ።"

ዶክተሩ "መሪጌታ፣ በአገራችን ሽማግሌ አይደል የሚቀድመው?" አለ።

"ለግብዣ ሽማግሌ፣ ለጦር ጎረምሳ" አልኩት። ሀብትነሽ እስክታነባ ሳቀች። አንቺ ተቀመጥሽ። አልጮኽሽም። ከዚያ እኔ።

ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ሀብትነሽ ከጥቅልሉ እየላጠች ደሙ እንደወጣ ብልቃጡ ላይ ለጠፈችው። የመጀመሪያው ለመጀመሪያው። የሚቀጥለው ለሚቀጥለው።

አንቺ ግን በደብተርሽ እኔን አስቀደምሽ። ለምን እንዳስቀደምሽኝ አልጠይቅሽም። እኛ ቤት የታናሽ ስም ከታላቅ ስም በላይ ተጽፎ አያውቅም። እናታችን ለጸሎት ስማችንን ለካህን ስትሰጥ እንኳ፣ አንቺ ታመሽ ለአንቺ ልታስጸልይ ሄዳ እኔን አስቀድማ ነው የምትጠራው።

ሀብትነሽን ጠይቂያት። መዝገቡን አስወጪ።

አርባ አንድ እኔ አይደለሁም።

ሀብተ ሥላሴ


ቢቸና፣ መጋቢት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

መዝገቡን አየሁ። እውነትዎን ነው።

በቀን ሃያ ሰው እየተለካ ከፊቴ ያልፋል። እኔ ከሐምሌ ወዲህ አልተለካሁም። ያኔም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ስለፈራሁ ነው ብዬ ተውኩት። ጤነኛዋ እኅት ነበርኩ፤ ለጤነኛ መነጻጸሪያ ነበር የገባሁት። ዛሬ ሀብትነሽ ለካችኝ። ክንዴን ቀይራ ለካችኝ። ከዚያ "እስቲ ትንሽ አረፍ በይ" ብላ መልሳ ለካችኝ። ቁጥሩን አልጽፍልዎትም።

ሽንቴን ራሴ መረመርኩ። ኩላሊት ደህና ከሆነ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ መቅረት ነበረበት። አረንጓዴ ሆነ። ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት ይሆናል ብዬ ሌላ ከፈትኩ። አረንጓዴ። ሀብትነሽን ለመንኳት፣ የእሷን ሽንት አመጣችልኝ። ቢጫ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሰው በሩን አንኳኳ፤ "ውጤቴ አልደረሰም ወይ?" አለ። "ደርሷል" አልኩት። የማንን እንደሰጠሁት እንጃ፤ ኋላ ሮጬ ደርሼበት አረጋገጥኩ። የራሱ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ፊቴ ያብጥ ነበር። እንቅልፍ ነው እል ነበር።

አራት ወር ሙሉ ለእርስዎ ስለምን የነበረው…

ባሕር ዳር ቀጠሮ ይዘውልኛል፤ ማክሰኞ መጋቢት 19። የኩላሊት ሐኪም በዚያ ቀን አለ። እርስዎ እንዳይመጡ። ጾም ነው፤ ዓይንዎም እንደዚያ ሆኖ መንገድ አይሆንልዎትም። ለሌላ ሰው ነግራ ይሆን ብለው እንዳይሰጉ፦ ለማንም አልተናገርኩም። ለማን እናገራለሁ?

ምስራቅ


ሞጣ፣ መጋቢት 13 ቀን 2009 ዓ.ም.

እመጣለሁ። አትከራከሪኝ።

ፋንታ ጋቢና ይዞልሻል። ሞጣ መናኸሪያ ስትደርሱ ከበሩ በስተቀኝ ነጭ ለብሼ እቆማለሁ። እኔ አላይሽም፤ አንቺ እዪኝ።

ዓይኔንም በዚያው ቀን ያዩልኛል። አባ ወልደ ኪዳንን ስለ ክኒኑ ጠይቄያለሁ። "ክኒን ምሳ ነው እንዴ? ዋጥና ቁም" አሉኝ። ይህን ለመጠየቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አሁን በየጠዋቱ አንድ፣ አንድ ብቻ።

ሀ.


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ምስራቅ፣

አንቺ ከበሩ ወዲያ ነሽ፤ እኔ ከበሩ ወዲህ አግዳሚው ላይ ነኝ። ወረቀቱን ከካርድ ክፍሏ ልጅ ለመንኩ። ዓይኔ ላይ ጠብታ አድርገውበት ሁሉ ነገር ነጭ ሆኗል፤ የምጽፈውን አላየውም። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ ከሆነ ታገሺኝ። ካልተነበበም ይሁን። እንዲያውም አንዳንዱ ባይነበብ ይሻለኛል።

ስለ ዓይኔ፦ ከኋላው ያለው የደም ሥር ፈሷል አሉ። ግፊቱ ከተያዘ የቀረው ይተርፋል፤ የሄደው አይመለስም። ኩላሊቴ ለጊዜው ደህና ነው። ይህን ሲነግሩኝ ከጎኔ ነበርሽ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልሽ። ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር። ከልቡ። መቀመጥ አቃተኝ።

በሚኒባሱ ላይ "አስራ ስምንት ቀን ምን ስታሰላስል ነበር?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ፋንታ ሬዲዮውን ከፍ አደረገና ያልሰማሁ መሰልኩ። ሰምቼሻለሁ።

አላሰላሰልኩም። ጥሩአየሁ "አርባ አንድ፣ ወንድም ጋሼ፤ አርባ ሁለት፣ እኔ" ብላ ስታነብ ወዲያው አወቅሁ። እሷ ገጹን ሳትገለብጥ። ማን ቀድሞ ከወንበሩ እንደተቀመጠ ምን ማሰላሰል ያስፈልገዋል? ሁለተኛ ያስነበብኳት ለማረጋገጥ አልነበረም። መልሼ ልስማው ብዬ ነው።

ምክንያቱም ደስ አለኝ፣ ምስራቅ። እንደ ሌላ ቃል አድርጌ ልጽፈው ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። ከኅዳር ጀምሮ ቀን ቀን እያስተማርኩ ጎኔን እዳብስ ነበር፣ ኩላሊት የሚባለው በየትኛው በኩል ነው እያልኩ። ያን ዕለት እጄን ከጎኔ አነሣሁት። እኔ አይደለሁም አልኩ። ጥሩአየሁ "ምን አልክ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ራት በላሁ። ጠገብኩ። የጾሙን መግቢያ ሰሞን ድምፄ እንደ ድሮው ወጣልኝ፤ ሰዎቹ "መሪጌታ ምን አገኙ?" አሉ። እንግዲህ ያገኘሁትን አንቺ ታውቂዋለሽ።

አንቺ በዚያ ሁሉ ቀን ቢቸና ቁጭ ብለሽ ለእኔ ትፈሪ ነበር። አስራ ስምንት ቀን። ቅድም አብረን ገብተን ሳለ ሐኪሙ ስለ ቀን ሲጠይቅሽ ሰማሁት፤ "ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን ቶሎ አልመጣሽም?" አለሽ። አንቺ መልስ ፈለግሽ። እኔ መልሱ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር፤ እጄን በእጅሽ ይዘሽ።

አስራ ስምንት ቀን ምን ያህል ነው? ለኩላሊት ብዙ ነው ወይስ ምንም አይደለም? እዚህ የሚያልፉትን ነጭ ለባሾች ልጠይቅ እፈልጋለሁ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የማየው ጥላቸውን ስለሆነ የትኛው ሐኪም፣ የትኛው ፅዳት እንደሆነ አላውቅም። አንዷ ቆም ብላ "አባባ፣ መጸዳጃ ነው የፈለጉት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ይዛኝ ሄደች፤ ይዛኝ ተመለሰች።

ይህን ወረቀት ስትወጪ እሰጥሽ እንደሆነ ገና አልወሰንኩም። ንስሐ ለካህን ነው፤ አውቃለሁ። ግን አባ ወልደ ኪዳን ቢፈቱኝ የተጎዳው የእሳቸው ኩላሊት አይደለም።

ገብተሽ ቆየሽ። በፊት የገቡት ሦስቱ እንዲህ አልቆዩም፤ በእግራቸው ድምፅ ቆጥሬያለሁ። አንድ ሰው በዚያ በሌላው በኩል ገብቷል። ሁለተኛም ገባ። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ናት።

"የምስራቅ ቤተሰብ?" አለች።

"እኔ ነኝ" ብዬ ተነሣሁ። ወረቀቱ ከጭኔ ወደቀ፤ አጎንብሼ በመዳፌ ፈለግሁት። ቆማ ጠበቀችኝ። ቀና ስል ፊቷ ምን እንደሚመስል አላየሁም፤ ነጭ ነው። ከውስጥ አንድ ሰው በዝግታ የሆነ ነገር አላት።

"ቆይ፣ አባባ፣ ይቀመጡ" አለችኝ።

ከኋላዋ ድምፅሽን የሰማሁ መሰለኝ። ምን እንዳልሽ አልለየሁም። "ምስራቅ" አልኩ።

በሩ ተዘጋ። ተመልሼ ተቀምጬ ይህን ጨመርኩበት፤ ወረቀቱን በእጄ ይዤ በሩን እጠብቃለሁ።